የየኔታ ፊልጶስ መቀመጫ

የመስቀል ሰሞን ነበር። መካነ ኢየሱስ ያለችውን እኅቴን ጠይቄ ወደማስተምርበት ወደ አርብ ገበያ ስመለስ፣ ከደብረ ታቦር በተነሳው አውቶቡስ ላይ አንዲት ወጣት ከጎኔ ተቀመጠች። ላቀች ትባላለች። ጎንደር ፊዚዮቴራፒ ተምራ ሥራ ከያዘች ገና ዓመት አልሞላትም። ሙያዋ ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «የደከመን ወይም የተጎዳን ሰውነት በእንቅስቃሴ ማከም ነው። መርፌ የለውም» አለችኝና ሳቀች። የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር መሪጌታ ፊልጶስ የእናቷ አባት መሆናቸውን ስትነግረኝ ግን ሳላስበው ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። በጋይንት ምድር የእኒህን ሰው ስም ሰምቶ እንደተጋደመ የሚቀር የለም። ዲያቆናትና ካህናት ከሩቅ አገር እግራቸው እስኪላጥ ተጉዘው የሚመጡት የእርሳቸውን ዜማ ለመቀበል ነው።

ቀኑ ዓርብ ስለነበር ገበያው ሞልቷል። አውቶቡሱ እንደቆመ፣ ከመናኸሪያው ዳር አንዲት ባለ ቀይ ኮርቻ በቅሎ አየሁ። በላይዋ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸውን ሊቀበሉ መምጣታቸው ነው። ከጎናቸው የነበረው ጎልማሳ ተማሪ ሁለቱን እጆቹን በብብታቸው አስገብቶ፣ ልክ የተኛ ሕፃን ከአልጋ እንደሚነሳ፣ ከበቅሎዋ ላይ ብድግ አደረጋቸው። የሽማግሌው እግሮች በአየር ላይ ተንጠለጠሉ።

«አትሸከማቸው!» አለች ላቀች ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆና። «ደግፋቸው እንጂ አትሸከማቸው!»

አንዲት ሽንብራ የምትሸጥ ሴት ከነመስፈሪያ ላዳንዋ ዞራ፣ «ውይ! ምነው ልጄ፣ አያትሽ አይደሉም እንዴ?» አለቻት።

መሪጌታ ፊልጶስ መሬት ከረገጡ በኋላ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «ጎንደር የላክናት ትምህርት እንድትጨምር ነበር» አሉ ዙሪያውን እያዩ። «አክብሮቷን እዚያው ጥላው መጣች።» ሰዉ ሳቀ። እርሷም ሳቀችና ጉልበታቸውን ሳመች። ስትነሳ ግን ዓይኖቿ ጭናቸው ላይ እንደቆዩ አየሁ።

የተከራየሁት ቤት በቤተ ልሔም መንገድ ላይ ስለሆነ አብሬያቸው ሄድሁ። መሪጌታ በበቅሎ፣ እኛ በእግር። ልጓሙን የያዘው ያ ጎልማሳ ተማሪ ዘመኑ ይባላል። ድጓውን ጨርሶ ከየኔታ ሥር ሆኖ የሚያስተምር፣ ለእርሳቸው ነፍሱን የማይሰስት ሰው ነው።

«አባባ» አለች ላቀች፣ «አምና የሸኙኝ በእግርዎ ነበር እኮ።»

«አምና አምና ነው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ከዳኝ። በተማሪነቴ በስማዳ ቆላ ጓያ በልቼ አድሬያለሁ። ያኔ የተወኝ አሁን ያዘኝ።»

«ጓያ እግር የሚይዘው እርሱን ብቻ እየበሉ በሚከርሙበት ጊዜ ነው። ሃምሳ ዓመት አድፍጦ አይጠብቅም።»

«እንግዲያው እርጅና ነዋ።»

«እርጅናም ድርሻ አለው። የቀረው ግን የዘመኑ ሥራ ነው።»

ዘመኑ ልጓሙን እንደያዘ ቆመ። «የኔ? እኔ ምን አድርጌ?»

«ከመቀመጫቸው የሚያነሳቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መጽሐፋቸውን የሚሸከመው፣ ውኃ የሚያቀርበው፣ ጫማቸውን የሚያጠልቀው?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ! እኮራበታለሁም። የኔታ ከመቀመጫቸው ለመነሳት ሲያምጡ ቁጭ ብሎ የሚያይ ተማሪ ከእኛ ጉባኤ ቤት አልወጣም፣ አይወጣምም።»

«በየቀኑ አንተ ስትነሳላቸው የእርሳቸው ጭን ምን ሥራ ቀረለት? ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል። አክብረህ አክብረህ እግራቸውን ወሰድከው።»

ዘመኑ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምተው ያውቃሉ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አልሰማሁም ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌን ማክበር ማለት ከመቀመጫው እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ልጆቹ ዕቃ አያስይዙትም፣ ከበር አልፎ አያስወጡትም። ጎረቤትም፣ «ታድሎ! ልጆቹ እኮ እግሩን መሬት አያስነኩትም» ይላል። እግሩ መሬት ሳይነካ ሲከርም ምን እንደሚሆን የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መሪጌታ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው፣ «ለማንኛውም ነገሩ አልቋል» አሉ። «በመጪው ጥምቀት መቋሚያዬን ለዘመኑ አስረክባለሁ። ካህናቱም ሰምተዋል።»

ላቀች ደነገጠች። ዘመኑ አንገቱን ደፋ። ለካ እርሱም አልወደደውም።

ነገሩን በኋላ ነው የተረዳሁት። መሪጌታ ፊልጶስ ጠጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ አንስቶ፣ ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ፊት ፊቱ በእግራቸው እየሄዱ ወረቡን የሚመሩት እርሳቸው ነበሩ። አምና ግን እግራቸው እምቢ አለ። በቅሎ ቀረበላቸው። «ታቦት ፊት በበቅሎ ሄጄ ማን ልባል ነው?» ብለው ቤታቸው ቀሩ። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ እርሳቸው ከደጃቸው ተቀምጠው የከበሮውን ድምፅ ከሩቅ ሰሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጥምቀት ማንሳት አይወዱም።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ጉባኤ ቤቱ ሄድሁ። የየኔታ መቀመጫ ከወይራ ጥላ ሥር ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በላዩ ግን የበግ ቆዳ ተደራርቦ ተከምሮበታል። በእርሳቸው ጉባኤ ቤት እንዲህ ያለ ልማድ አለ፤ ድጓውን አስመስክሮ የሚሄድ ተማሪ በብርድ የለበሰውን ደበሎ ለመታሰቢያ ከመምህሩ መቀመጫ ላይ አንጥፎ ይሄዳል። የኔታ እያንዳንዱን ደበሎ ከነባለቤቱ ያውቁታል። «ይቺ የእስቴው ናት፣ አሁን አለቃ ሆኗል። ይቺ ድምፀ መረዋው የስማዳው ልጅ ናት» ይላሉ በእጃቸው እየዳሰሱ።

ላቀች ከፊታቸው ቆማ፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልይ» አለች። «ማንም ሳይነካዎት ይነሱ።»

«ይኸው!» አሉና ተነሱ። ማለቴ፣ ሊነሱ ሞከሩ። ወደፊት ዘመም አሉ፣ ጭናቸው ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ከፍ ብለው ተመልሰው ደበሎው ላይ ወደቁ። ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ዘመኑ ሲሮጥ መጥቶ በብብታቸው እጁን ሊያስገባ ሲል ላቀች እጇን ዘርግታ አገደችው።

የየኔታ ፊት ተለወጠ። «በተማሪዎቼ ፊት አዋረድሽኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በቃሽ። ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

እሷ ግን አልሄደችም። ነጠላዋን አስተካክላ ከተማሪዎቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «የኔታ» ብላ ጠራቻቸው፤ እንደ አያት ሳይሆን እንደ መምህር። «ጥያቄ አለኝ።»

መምህር ጥያቄ ሲቀርብለት እምቢ ማለት አይችልም። «ጠይቂ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ዜማውን አንድ ጊዜ አሳምሮ ያጠና ተማሪ አለ እንበል። ከዚያ ለቤተሰቡ ሊያርስ ሄዶ ዓመት ሙሉ ሳያዜም ቢመለስ፣ ዜማው ይኖራል?»

«የት ይኖራል! ይጠፋዋል እንጂ።»

«ያረጀ ስለሆነ ነው የጠፋው?»

«ስላልከለሰው ነው። ቀለም ካልከለሱት ይሄዳል።»

«ታዲያ ሲመለስ ምን ይሉታል? ‹አንተ አልቆልሃል፣ ሌላው ያዚምልህ› ይሉታል?»

«ምን በወጣኝ! ከቀላሉ ጀምር እለዋለሁ። በየቀኑ ድገም፣ ሲቀልህ ጨምር እለዋለሁ።»

«ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ እርሱን ተክቶ ቢያዜምለትስ?»

የኔታ ወደ ዘመኑ አዩ። ከዚያ ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ዘመኑ አዩ። ዘመኑ እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ፣ አንድ ተማሪም ሳቁ አመለጠው።

«ጡንቻም እንደዚሁ ነው» አለች ላቀች። «ከጎልማሳነት በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሽምግልና ሲገባ ይብሳል። ማንም ሊያስቀረው አይችልም። የሚሠራና የሚመገብ ሰው ግን ጉዞውን ያዘገየዋል። የደከመውም ቢሆን ይመለሳል፤ በሰባና በሰማንያ ዓመትም ይመለሳል። እኔ በሥራ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።»

የኔታ ወዲያው አልተረቱም። እንዲያውም ጠንካራው ክርክራቸው ያን ጊዜ መጣ።

«ስሚ ልጄ። እኔ ሥጋዬን ሳደክም የኖርሁ ሰው ነኝ። ሥርዓታችን ይህ ነው። አሁን በመቃብሬ አፋፍ ጡንቻ ላፈረጥም? የሰፈር ጎረምሳ ነኝ?»

«ማን አፈርጥሙ አለ? ማኅሌት ተቀምጠው ይቆማሉ?»

«ተቀምጦ ይቆማል ይባላል እንዴ!»

«ስግደትስ? ወድቆ መነሳት አይደል? የሚወድቀውና የሚነሳው ምንዎ ነው?»

«ሥጋዬ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው መስገድ የተዉት?»

የኔታ ጉልበታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ጉልበቴ እምቢ ካለ ወዲህ» አሉ። «ሽማግሌ ይቅርታ አለው ብዬ።»

«ይቅርታውስ አለው። ግን ጭንዎ ሥራ የፈታው ያኔ ነው።»

እኔ ከዳር ተቀምጬ ይህን ስሰማ አንድ ነገር አስደነቀኝ። ይህች ልጅ አያቷን ከሥርዓታቸው ልታወጣቸው አልመጣችም። የምትሟገታቸው ወደ ሥርዓታቸው እንዲመለሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ወደ ማዕድ ዞረ። የላቀች እናት እመቤት ቤት ተቀምጠናል። እመቤት ድምጿ ከፍ ያለ፣ ቀልድ የምትችል ሴት ናት።

«እኔ አባቴን አላበላም እንዳትሉኝ» አለች ገና ሳይነገራት። «ጾም ባልሆነ ቀን እንቁላል እቀቅልላቸዋለሁ፣ ወተት እልካለሁ። ሳህኑ ጥርግ ብሎ ነው የሚመለሰው!»

«የሚጠርገው ማን እንደሆነ ዘመኑን ጠይቂው» አለች ላቀች።

ዘመኑ ጣራ ጣራውን አየ። «የኔታ ለታናናሾቹ ተማሪዎች ያካፍሏቸዋል» አለ።

«እንዴ!» አለች እመቤት። «አባዬ! ዶሮዎቼ የሚወልዱት ለአገር ሁሉ ነው?»

«ቆሎ ለምኖ የሚያድር ተማሪ እያየኝ እኔ እንቁላል ልላጥ?» አሉ የኔታ በቁጣ። «እኔም በሰው ደጅ ‹ስለ ማርያም› ብዬ ነው ያደግሁት። ለእኔ እንጀራዋና ቀጠን ያለች ሹሮ ይበቁኛል።»

ላቀች ለዚህ ሳትቸኩል መለሰች። «አባባ፣ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን እርስዎ ወድቀው ዳሌዎ ቢሰበር ጉባኤው ይበተናል። እነዚህ ሁሉ ልጆች መምህር ፍለጋ እንደገና አገር ሊያቋርጡ ነው። አንድ እንቁላል ሰጥተው መምህራቸውን ይወስዱባቸዋል።»

«ለተማሪዎቹ እኔ አለሁ» አለች እመቤት። «የባቄላ ንፍሮ በትልቁ ድስት አወጣለሁ። የእርስዎ ሳህን ግን ከእንግዲህ ዓይኔ እያየ ይበላል።»

የኔታ አሁንም መውጫ አላጡም። ፈገግ ብለው፣ «ኅዳር ላይ ጾመ ነቢያት ይገባል» አሉ። «ያኔ እንቁላልሽን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እንቁላሉ ይቅር። እርስዎ ጾሙን ይጹሙ፣ ሰዓትዎንም ይጠብቁ። ጾም ሽንብራ ከልክሏል?»

«አልከለከለም።»

«ምስር? ባቄላ? ሱፍ?»

«አልከለከለም አልኩሽ።»

«እንግዲያው የጋይንት ማሳ ገንቢ ምግብ ሞልቶታል። እኛ የምንሸጠው ሽንብራ ሌላ አገር ጉልበት ይሆናል፣ እኛ ቤት ግን ሹሮው የሚቀጥነው ለሽማግሌው ነው። ወፈር ይበል። ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ቀምሰው ይተኛሉ። ሰውነትዎ በሥራ የደከመውን ጡንቻ ለመጠገን እህል ይፈልጋል። በዘጠኝ ሰዓት ይብሉ፣ ሲመሽ ደግሞ እንደገና ይብሉ። ጾሙ አይፈርስም።»

«ጥርሴስ? ቆሎና ንፍሮ በምኔ ላኝክ?»

«ስልጆ ጥርስ ይጠይቃል?» አለች እመቤት ጣልቃ ገብታ። «አዚፋስ? በሶ በጥብጬ ብሰጥዎት ሊያኝኩት ነው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ የኔታም ሳይወዱ ሳቁ። ያን ጊዜ የተረቱ መሰለኝ። አልተረቱም ነበር። «እሞክራለሁ፣ እስከ ጥምቀት» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ካልሆነ መቋሚያዬ የዘመኑ ነው። አንቺም ከዚያ ወዲያ ዝም።»

ላቀች የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ልባቸውን አዳመጠች፣ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረቻቸው። ከዚያ ያዘዘችው ነገር ቀላል ነበር። ከፍ ካለው ከደበሎው ክምር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ እስኪደክማቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ተረከዛቸውን ከመሬት ማንሳት። ከምንጩ ወደ ቤታቸው ያለችውን አቀበት በእግራቸው መውጣት። «ጡንቻው ሲደክም ደግ ነው፣ ይበሉት» አለቻቸው። «ደረትዎን ከያዘዎት፣ ካዞረዎት፣ መጋጠሚያዎን ከወጋዎት ግን ያቁሙ።» ክንዳቸው እንዲጠነክር የሚያነሱት ድንጋይ ልትፈልግላቸው ስትል ግን እምቢ አሏት። «ድንጋይ አላነሳም። ድጓዬን ራሴ እሸከማለሁ» አሉ። ያ የብራና መጽሐፍ ከነማኅደሩ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ትልቁ ፈተና የዘመኑ ነበር። የኔታ ለመነሳት ሲያምጡ እጁ ሳያዘው ይዘረጋል። በኋላ አንድ ዘዴ አገኘ፤ ሁለቱን እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ መቆም። ሌሎቹም ተማሪዎች እርሱን አዩና እንዲሁ አደረጉ። ወደ ጉባኤ ቤቱ የሚመጣ እንግዳ፣ መምህሩ ሲነሱ ተማሪዎች ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በጸጥታ ሲቆሙ እያየ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው ይል ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ የኔታ ከክምሩ ላይ ሳይቸገሩ ይነሱ ጀመር። ላቀች ለዕረፍት መጥታ አየችና፣ «አሁን መቀመጫው ዝቅ ይበል። ከላይ አንድ ደበሎ ይነሳ» አለች።

«ደበሎ አይነሳም!» አሉ የኔታ። «የልጆቼ መታሰቢያ ነው።»

እንደገና ክርክር ሊነሳ ነበር። የዚያን ሰሞን ግን ከስማዳ አንድ አዲስ ተማሪ መጥቶ ነበር፤ ደበሎ የለውም፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ይንዘፈዘፋል። የኔታ ልጁን አዩት። የላይኛውን ደበሎ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ራሳቸው አንስተው ትከሻው ላይ ጣሉለት። «የአለቃ ልብስ ነው የለበስከው፣ እወቅበት» አሉት።

ከዚያ በኋላ መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ተማሪ ይለብስ ነበር። ጾመ ነቢያት ገባ። የእመቤት ስልጆና ወፈር ያለ ሹሮ በሰዓታቸው ይመጣሉ። የኔታም እየተነጫነጩ ይበላሉ። «ሴቲቱ እንደ ድልብ በሬ እየቀለበችኝ ነው» ይሉኛል ሳገኛቸው። የልደት በዓል ሲደርስ ድንጋዩ ባዶውን ነበር፣ ብርዱን ለመከላከል አጣጥፈው ከሚያነጥፉት ጋቢ በቀር። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አንድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ያየሁት ነው። የኔታ ከቅኔ ማኅሌቱ በር ሲሰግዱ ነበር። ወደቁ፤ ቆይተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እንደገና ወደቁ። እንዳያዩኝ ከዛፍ ኋላ ቆምሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተመለሰላቸውን ነገር ማቋረጥ አልፈለግሁም።

ጥምቀት ደረሰ። ጥር አሥራ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከባሕረ ጥምቀቱ ሜዳ ላይ ካህናቱ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ስብከቱ እየተሰማ ነበር። የኔታም መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደበሎ የለም፣ ድንጋይ የለም። በመንደሩ ሰው ግፊት ያቺ ባለ ቀይ ኮርቻ በቅሎ ለማንኛውም ተብላ ከዳር ታስራለች። ላቀች ከእናቷ ጋር ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሙያዋን ብታውቅም አያቷ ናቸው።

ታቦቱ ከድንኳኑ ሊወጣ ሆነ። ደወል ተደወለ፣ እልልታው ቀለጠ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ዘመኑ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን እጆቹን ወደ የኔታ ብብት ሲሰድ አየሁት፤ የቆየ ልማድ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጆቹን መለሰና ከኋላው አቆላለፈ።

የኔታ በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። መዳፋቸውን በሌላው ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ለአፍታ እዚያው ቆዩ። ከዚያ ተነሱ።

እጃቸውን ዘርግተው፣ «መቋሚያዬን» አሉ። ዘመኑ ሰጣቸው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ከሜዳው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው አቀበት ለወጣትም ልብ የሚያፈርስ ነው። የኔታ ፊልጶስ ከታቦቱ ፊት ፊት ሆነው በእግራቸው ወጡት። በየማረፊያው ታቦቱ ሲቆም ጸናጽላቸውን ከፍ አድርገው ወረቡን ያነሳሉ፣ ካህናቱ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ይመታል። ሕዝቡ ልብሱን እያነጠፈ ያለቅሳል። አምና የቀሩት መሪጌታ መመለሳቸውን ያየ አንድ ሽማግሌ፣ «የጋይንት እግር! ይኸው የጋይንት እግር!» እያለ ሲጮኽ እኔም ደረቴ ሰፋ፤ ከዚህ አገር በመወለዴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ታቦቱ ከመንበሩ ገብቶ ሰው ሲበተን፣ በቅጥሩ በር አጠገብ ሌላ ነገር አየን። የየኔታ የልጅነት ባልንጀራ ገበሬው አቶ ጣሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ፈርጣማ ልጆቻቸው ተሸክመው ሊያነሷቸው አጎንብሰዋል።

«አትሸከሙት!» አሉ የኔታ በዚያ በማኅሌት ድምፃቸው። ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ደግፉት እንጂ አትሸከሙት!»

ልጆቹ ደንግጠው ቀጥ አሉ። የኔታ ባልንጀራቸው ፊት ቆሙ።

«ጣሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ሞፈር የተውከው?»

«ልጆቼ አይለቁልኝም እኮ። ‹ተቀመጥ› ይላሉ።»

«ሞፈሩን ይያዙ፣ ደግ አደረጉ። አንተ ግን ተቀምጠህ አትቅር። ስማኝ። እኔ አምና ከመቀመጫዬ የሚያነሳኝ ሰው ነበር። ዘንድሮ ሌሊት ወደ ደጅ ስወጣ ሰው አልቀሰቅስም። መጽሐፌን ራሴ እሸከማለሁ። እንቅልፌ ተመልሷል፣ ምግብ ይበላልኛል፣ እንዳልወድቅ መፍራቴን ትቻለሁ። መስገድ ጀምሬያለሁ፣ ጣሰው! ወጣት አልሆንኩም፤ ጉልበቴ ዛሬም ይንጫጫል፣ ማታ እግሬን እሞቃለሁ። ግን የራሴ እግር ነው። ልጆችህ እስከ ቤት ድረስ ደግፈውህ በእግርህ ሂድ። ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱህ፣ ይመርምሩህ። ከዚያ ከፍ ካለ መደብ ላይ ቁጭ ብድግ በል። ሚስትህም ሹሮውን ታወፍረው፤ ሽንብራውን ሁሉ ለገበያ አታውጡት።»

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?»

የኔታ ወደ ላቀች ጠቆሙ። «አክብሮቷን ጎንደር ጥላ የመጣች ልጅ አለችኝ» አሉ። «እርሷ ናት።»

ላቀች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እመቤት ግን እልል አለች።

አቶ ጣሰው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከልጆቻቸው አንዱ ክንዳቸውን ያዘ፣ ያዘ ብቻ፤ የቀረውን ሽማግሌው ራሳቸው አደረጉት። ሁለቱ ልጆች ግን እጃቸው የት እንደሚቀመጥ ጠፋባቸው። ዘመኑ ጠራቸውና ከኋላ እንዴት እንደሚቆላለፍ አሳያቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘመኑ ከበሮ ሲመታና ሲያሸበሽብ የዋለ ነውና ትንፋሽ አጥሮት ከኋላ ቀረ። በቅሎዋ ባዶዋን ትከተላለች። «የኔታ» አለ እያለከለከ፣ «ታዲያ መቋሚያዎን መቼ ነው የሚያስረክቡኝ?»

የኔታ ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መቋሚያዬን ተወው» አሉ። «ደክሞሃል፤ በቅሎዋ ላይ ውጣ።»